ደብተሩ እስኪዘጋ፦ በድሬዳዋ ንግድ ቤት የቴክኖሎጂ ፕሮጀክትን ከጅምር እስከ ርክክብ መምራት

ከጥቂት ዓመታት በፊት እዚሁ ድሬዳዋ አንድ የግንባታ ዕቃ ጅምላ አከፋፋይ ዘንድ የሽያጭና የስቶር ሲስተም አስገባን። ፕሮጀክቱን የመራሁት እኔ ነበርኩ። ሶፍትዌሩ ተጫነ፣ ሠራተኞቹ ሠለጠኑ፣ የርክክብ ሰነድ ተፈረመ፣ ክፍያውም አለቀ። ከሦስት ወር በኋላ ለሌላ ጉዳይ ወደ መጋዘኑ ጎራ ስል ኮምፒውተሩ በርቶ አገኘሁት። ስቶር ኪፐሩ ግን የሚወጣውን ፌሮ የሚመዘግበው ጉልበቱ ላይ ባስቀመጠው ሰማያዊ ደብተር ነበር። ባለቤቱ ደውሎ «ባለ 12 ስንት ቀረን?» ሲል መልሱ የተነበበለት ከዚያው ደብተር ነው። ሲስተሙ የሚያሳየውን ቁጥር የሚያምን ሰው ግቢው ውስጥ አልነበረም። ያላመኑትም በቂ ምክንያት ይዘው ነው፤ ምክንያቱን ስለ ዳታ ስንነጋገር እመጣበታለሁ።

ከዚያ ቀን ወዲህ ፕሮጀክት አለቀ የምለው ደብተሩ ሲዘጋ ነው። ከዚህ በታች ያለው የምሠራበት ቅደም ተከተል ነው። የጻፍኩት «ይህን ሲስተም አንተ ተከታተለው»፣ «አንቺ ተከታተዪው» ተብለው ኃላፊነቱ ለወደቀባቸው የሒሳብ ሠራተኞች፣ ሥራ አስኪያጆችና ለባለቤቶቹ ልጆች ነው። በትልቅ ድርጅትም ሥራው ያው ነው፤ የሚጨምረው የወረቀቱ ብዛት ነው።

1. ከሶፍትዌሩ በፊት ችግሩን ጻፉ

አብዛኛው ሰው የሚጀምረው «ጥሩ ሲስተም ማን ጋ አለ?» ብሎ ነው። ለዚህ ጥያቄ ገና ጊዜው አልደረሰም። ወረቀት አውጡና አሁን የሚያስቸግራችሁን ነገር በቁጥር ጻፉ። «ስቶራችን ዝርክርክ ነው» አይበቃም። «በወር መጨረሻ ቆጠራውና መዝገቡ አይገናኙም፤ ልዩነቱን ለማጣራት 4 ቀን ይፈጃል» ከተባለ ግን የሚሠራበት ነገር ተገኘ። ቁጥሩ ከሌላችሁ ሁለት ሳምንት ቁጠሩ። ማታ ካሹንና በቴሌብር የገባውን ለማስታረቅ ስንት ሰዓት ይሄዳል? ስንት ደንበኛ ሱቅ ላይ «አለ» ተብሎ ከመጋዘን ባዶ እጁን ተመለሰ? ዱቤ መዝገቡ ላይ ስንት ስም ያለ ቀን ተጽፏል? ኋላ ላይ «ይህ ሁሉ ገንዘብ ወጥቶ ምን ተገኘ?» የሚል ክርክር መነሳቱ አይቀርም፤ ያን ጊዜ ማስረጃችሁ የእነዚህ ሁለት ሳምንታት ቆጠራ ነው።

ከዚያ በአንድ ገጽ የፕሮጀክቱን ቻርተር አዘጋጁ። በውስጡ የሚገቡት ችግሩ፣ ሲፈታ ቁጥሩ የት እንደሚደርስ፣ የገንዘቡ ጣሪያ፣ ማብቂያው ቀን፣ ሥራውን የሚመራው ሰው ስምና የመጨረሻ ውሳኔ የሚሰጠው ሰው ስም ናቸው።

የመጨረሻው ስም ከባድ ነው። እዚህ ከተማ ብዙው ንግድ የቤተሰብ ነው፤ አባት ያቋቋሙትን ልጅ ይሸጥበታል፣ እህት ሒሳቡን ትይዛለች። ሦስቱም ለሲስተሙ አቅራቢ እየደወሉ የተለያየ ነገር ያዛሉ፣ አቅራቢውም መጨረሻ ላይ የደወለለትን ይሰማል። ስለዚህ አንድ ስም ብቻ ይጻፍ። ልጁ ኮምፒውተር ስለሚያውቅ ብቻ የእሱ ስም አይጻፍ፤ አባት «ተው» ሲሉ ሥራው የሚቆም ከሆነ መፈረም ያለባቸው አባት ናቸው።

2. ከሚሠሩት ሰዎች ጋር ቁጭ በሉ

በፕሮጀክቱ የሚነኩትን ሁሉ ዘርዝሩ፦ ካሸር፣ ሻጭ፣ ስቶር ኪፐር፣ ጫኝና አውራጅ፣ ሒሳብ ሠራተኛ፣ የውጭ ኦዲተር፣ ዱቤ የሚወስዱ ቋሚ ደንበኞች። ከእያንዳንዱ ስም ጎን ሁለት ነገር ጻፉ፤ ሲስተሙ ሲመጣ ምን ይቀልለታል? ምንስ ያጣል?

«ምን ያጣል» የሚለውን ብዙ ሰው ይዘለዋል። ስቶር ኪፐሩ ለዓመታት መጋዘኑን በጭንቅላቱ ይዞ ኖሯል፤ ያለ እሱ ዕቃ አይገኝም ነበር። አሁን ቁጥሩ በሁሉም ስክሪን ላይ ሊታይ ነው። «ሌባ ነው ብለው ጠርጥረውኝ ነው ይህን ያመጡት» ብሎ ቢያስብ አይፈረድበትም። ይህን ስጋት ባለቤቱ ራሱ፣ በግልጽና ሲስተሙ ከመምጣቱ በፊት ያንሳው። ድሬ ላይ ሰው በአንቱታ ስለማይራራቅ ሠራተኛ ለአለቃው የልቡን ለመናገር ብዙ አይቸገርም። ይህን መልካም ልማድ ተጠቀሙበት፤ ስብሰባ ከመጥራት ይልቅ መጋዘኑ በር ላይ ሻይ እየጠጣችሁ ጠይቁ።

ግማሽ ቀን አጠገባቸው ተቀምጣችሁ ሥራውን እዩ። ባለቤቱ የሚነግራችሁ አሠራርና በርግጥ የሚሠራው አንድ አይደለም። ለምሳሌ ደረሰኝ ሳይቆረጥ ቀድሞ የሚጫን ዕቃ አለ፤ ደንበኛው የሚታወቅ ነው፣ መኪናው ወደ ጅግጅጋ ሊወጣ ተቻኩሏል። ሲስተሙ ይህን ካላስተናገደ ሰዎቹ ሲስተሙን ይዘሉታል።

3. ወሰኑን አስምሩ

አሁን ሲስተሙ ምን ማድረግ እንዳለበት ጻፉ። እያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር ተሞክሮ «አዎ» ወይም «አይ» ሊባልበት የሚችል ይሁን። «ለአጠቃቀም ቀላል ይሁን» አይሞከርም። «ካሸሩ አምስት ዓይነት ዕቃ ያለበትን ሽያጭ በ2 ደቂቃ ውስጥ ጨርሶ ያትም» ይሞከራል።

ከውጭ የመጣ ሶፍትዌር ስትመርጡ እነዚህን ሳታዩ አትለፉ።

ቀን መቁጠሪያ። ዓመታችን 13 ወር አለው፤ ጳጉሜን 5 ወይም 6 ቀን ናት። ሲስተሙ በውስጡ በፈረንጆቹ ቀን ቢሠራ ችግር የለውም፤ ሪፖርቱ ግን በእኛ ቀን መውጣት አለበት። አቅራቢው «ይችላል» ሲላችሁ የጳጉሜንን የሽያጭ ሪፖርት ለብቻው እንዲያወጣ ፊታችሁ አስሞክሩት።

መለኪያ። ሲሚንቶ በኩንታልም በከረጢትም ይጠራል፤ ፌሮ በኪሎም በቤርጋም (በዘንግ ቁጥር) ይሸጣል። አንድ ዕቃ ሁለት መለኪያ እንዲኖረውና ሲስተሙ ራሱ እንዲያባዛ ጠይቁ።

አከፋፈል። ካሽ፣ ባንክ፣ ዱቤ፣ ከግንቦት 2013 ጀምሮ ቴሌብር፣ ከ2015 ክረምት ወዲህ ደግሞ ኤምፔሳ። አንድ ሽያጭ በሁለት መንገድ ሊከፈል ይችላል፦ ግማሹ በቴሌብር፣ ግማሹ በዱቤ። ይህን የማይቀበል ሲስተም በመጀመሪያው ቀን ያቃጥላችኋል።

ግብር። 15 በመቶ ቫቱ በየት በኩል እንደሚሰላና ሲስተሙ ከሽያጭ መመዝገቢያ ማሽናችሁ ጋር እንዴት እንደሚገናኝ በጽሑፍ ይቀመጥ። የግብር አማካሪያችሁን ከአሁኑ አስገቡት።

ሌላ አንድ ገጽ ደግሞ ለማይካተተው ነገር መድቡ። «የሠራተኛ ደመወዝ በዚህ ፕሮጀክት አይሠራም። ድረ ገጽ አይሠራም። የሐረር ቅርንጫፍ በዚህ ምዕራፍ የለም።» ይህችን ወረቀት ባለቤቱ ካልፈረመባት በሁለተኛው ወር «ይኼማ መቼም አብሮ ይኖራል ብዬ ነው» የሚል ንግግር ይመጣል።

4. ሥራውን ከፋፍላችሁ ቀን ስጡት

«ሲስተም ማስገባት» ሥራ ሆኖ አይመደብም፤ ሰፊ ነው። አንድ ሰው ከአንድ እስከ አምስት ቀን ውስጥ የሚጨርሰው ቁራጭ እስኪሆን ድረስ በታትኑት። የዕቃ ዝርዝር ማጽዳት፣ ኮምፒውተርና ፕሪንተር መግዛት፣ ገመድ መዘርጋት፣ ዝርዝሩን መጫን፣ ሙከራ፣ ሥልጠና። እያንዳንዱ ባለቤት ይኑረው። ሁለት ስም የተጻፈበት ሥራ ባለቤት የለውም ማለት ነው።

ቀን ስትገምቱ አንድ ቁጥር ከመወርወር ሦስት ጠይቁ፦ ሁሉ ቢሰምር ስንት? እንደተለመደው ከሆነ ስንት? ቢከፋስ? የመካከለኛውን በአራት አባዙ፣ ሁለቱን ጨምሩበት፣ ለስድስት አካፍሉ። ሠራተኛው ቢሰምር 4፣ እንደ ወትሮው 6፣ ቢከፋ 14 ቀን ካለ ግምቱ 7 ቀን ይሆናል።

ከዚያ የትኛው የትኛውን እንደሚጠብቅ እዩ። ዝርዝር ማጽዳቱ 15 የሥራ ቀን ይፈልጋል እንበል። ዕቃ ግዢው 8፣ ከግዢው በኋላ ገመድ ዝርጋታው 4፤ በድምሩ 12። ሁለቱ መስመሮች ጎን ለጎን ይሄዳሉ፤ ሁለቱም ሲያልቁ መጫን 3፣ ሙከራ 10፣ ሥልጠና 4። ጠቅላላው 32 ቀን ነው። ግዢው 3 ቀን ቢዘገይ ማብቂያው አይነካም። ዝርዝር ማጽዳቱ አንድ ቀን ቢዘገይ ግን ፕሮጀክቱ በሙሉ አንድ ቀን ይዘገያል። ወሳኙ መስመር የሚባለው ይህ ነው፤ ስሌቱን እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻ የዱፖንት ኩባንያ ባለሙያዎች ለፋብሪካ ግንባታና ጥገና ያወጡት ነው። ለእኛ ትምህርቱ ግልጽ ነው፤ ሰው ሁሉ ኮምፒውተሩ መቼ ይመጣል እያለ ሲደውል ፕሮጀክቱን በተግባር የሚያዘገየው ማንም የማያየው የኤክሴል ዝርዝር ነው።

የማስጀመሪያ ቀን ስትመርጡ ሰኔንና ሐምሌን ዝለሉ፤ ዓመታዊ ቆጠራና የግብር ወቅት ነው። የበዓል ዋዜማም አይሆንም። ረመዳንንም አስቡበት፤ ቡድኑ ከጾም ጋር ሌሊት እያደረ ዳታ ማስገባት የለበትም።

5. ገንዘቡና ውሉ

ሰው የሚያስበው የሶፍትዌሩን ዋጋ ነው። የሚረሱት፦ ዓመታዊ የጥገና ክፍያ፣ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ኮምፒውተሩን የሚያቆየው ባለ ባትሪ ዕቃ)፣ የደረሰኝ ወረቀትና ቀለም፣ ዝርዝሩን የሚያጸዳው ሰው የትርፍ ሰዓት፣ ሥልጠና ላይ ሱቁ የሚቀንሰው ሽያጭ። በዚህ ላይ ከ10 እስከ 15 በመቶ መጠባበቂያ ያዙ፤ መጠባበቂያው የሚከፈተው ቻርተሩ ላይ በፈረመው ሰው ፈቃድ ብቻ ነው።

የውጭ ምንዛሪን ነገር ሐምሌ 22 ቀን 2016 ያስተማረን ነው። የምንዛሪ ተመኑ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ፕሮፎርማ ይዘው የተቀመጡ ፕሮጀክቶች ዕቃ መግዛት አቃታቸው። ፕሮፎርማው ለስንት ቀን እንደሚጸና፣ ከዚያ በኋላ ዋጋ ቢቀየር ማን ምን እንደሚሸከም ውሉ ላይ ይጻፍ።

ክፍያውን ከሥራው ውጤት ጋር እሰሩት። እኔ የምጠቀመው ክፍፍል 30 በመቶ ሲፈረም፣ 30 በመቶ ዳታው ተጭኖ ሙከራ ሲያልፍ፣ 30 በመቶ ሥራ ሲጀምር፣ የቀረው 10 በመቶ ደግሞ ደብተሩ ከተዘጋ ከ30 ቀን በኋላ ነው። በተጨማሪ ሦስት ነገር ውሉ ውስጥ ይግባ፦ ዳታው የእናንተ እንደሆነ፣ ስትለያዩ በኤክሴል በሚከፈት መልክ እንደሚሰጣችሁ፣ የደንበኞቻችሁን ስልክና ዕዳ ለሌላ እንደማያሳይ። የመጨረሻው የጨዋነት ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል።

6. ስጋቱን ቀድማችሁ ጻፉ

አንድ ሰንጠረዥ ይበቃል፦ ምን ሊሆን ይችላል፣ ምልክቱ ምንድነው፣ ያን ጊዜ ምን እናደርጋለን፣ የማን ኃላፊነት ነው። የድሬን ጠባይ ያልያዘ ሰንጠረዥ ከሌላ ቦታ የተገለበጠ ነው።

ሙቀት። የዩፒኤስ ባትሪ ከ25 ዲግሪ በላይ በየ10 ዲግሪው ጭማሪ ዕድሜው በግማሽ ገደማ ይቀንሳል። በግንቦት ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር የተቀመጠ ዩፒኤስ በወረቀት ላይ የተጻፈለትን ዓመት አይኖርም። አየር በሚገባበት፣ ከሲሚንቶ አቧራ በራቀ ክፍል አስቀምጡት፤ ባትሪውን በየስድስት ወሩ ፈትሹ።

መስመር። ሳፋሪኮም በኢትዮጵያ ኔትወርኩን ለመጀመሪያ ጊዜ የከፈተው በድሬዳዋ ነው፣ ነሐሴ 23 ቀን 2014። ከዚያ ወዲህ ከኢትዮ ቴሌኮም ሌላ ሁለተኛ መስመር መያዝ ይቻላል። ሁለት ሲም ይኑራችሁ። ኢንተርኔት ሲጠፋ መሸጥ የማይችል ሲስተም ግን ከመጀመሪያውም አትግዙ።

ጎርፍ። በ1998 ክረምት የደቻቱ ወንዝ በሌሊት ሞልቶ የወሰደብንን ሰው ይህች ከተማ አትረሳም። ከዚያ ጋር ሲነጻጸር ዳታ ምንም አይደለም፤ ሆኖም ከወንዙ ዳር ያለ ሱቅ ዋናውን ኮምፒውተር መሬት ላይ አያስቀምጥ። ባካፑ (የዳታው መጠባበቂያ ቅጂ) ሦስት ይሁን፣ በሁለት ዓይነት ዕቃ ላይ፣ አንዱ ከግቢው ውጭ፤ ሱቁ መጋላ ከሆነ ቅጂው ሳቢያን ያለ ቤታችሁ ይደር።

ሰው። ሲስተሙን የሚያውቀው አንድ ልጅ ብቻ ከሆነና እሱ አዲስ አበባ ሥራ ቢያገኝስ? ከመጀመሪያው ሁለት ሰው አስለምዱ።

7. ሳምንታዊ ልማድና የለውጥ ጥያቄ

ቅዳሜ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ገበያው ሳይሞቅ 20 ደቂቃ ቁሙ። ምን አለቀ፣ ምን ቀረ፣ ምን አሠረን። ውሳኔው በዚያው ቀን በቴሌግራም ግሩፕ ይለጠፍ፤ ስልክ ላይ የተባለ ነገር እንዳልተባለ ይቆጠራል። አቅራቢው በየሁለት ሳምንቱ የሠራውን በስክሪን ያሳይ። «80 በመቶ ደርሷል» የሚል ሪፖርት አትቀበሉ፤ የሚሠራ ነገር አሳየኝ በሉ።

ለውጥ መጠየቁ አይቀርም፣ ክልክልም አይደለም። ብቻ ጥያቄው በጽሑፍ ይምጣ፦ ምን ይለወጥ፣ ለምን፣ ስንት ቀንና ስንት ብር ይጨምራል፣ ማን አጸደቀ። ይህች ከተማ ራሷ የወሰን ለውጥ ውጤት ናት። ምኒልክ በ1894 እ.ኤ.አ. ለስዊሱ አማካሪያቸው ለአልፍሬድ ኢልግ በፈቀዱት የባቡር ሥራ መስመሩ ሊያልፍ የታሰበው በሐረር በኩል ነበር። ወደ ሐረር የሚወጣው ተራራ ወጪው ከበደ፤ ሐዲዱ ከሥር ባለው ሜዳ ቀረ፣ በ1902 እ.ኤ.አ. ጣቢያው ተከፈተ፣ ድሬዳዋም ተወለደች። ለውጡ ትክክል ነበር፤ ዋጋውንም ሁለቱም ከተሞች እስከ ዛሬ ያዩታል። ሐዲዱን የሚዘረጋው ኩባንያ ግን ገንዘቡ አልቆ ከሠረ፤ ሌላ ኩባንያ ተረክቦት ባቡሩ አዲስ አበባ የገባው በ1917 እ.ኤ.አ. ነው። ወደ መጋዘናችን ስንመለስ፣ «ባርኮድም ይጨመር» የተባለች ቀን በ32ቱ ቀን ላይ ስንት እንደምትጨምር ሳይሰላ እሺ አይባልም።

8. ዳታውን አጽዱ

ብዙ ፕሮጀክት የሚሰናከለው እዚህ ላይ ነው፤ በመግቢያው የነገርኳችሁም የተበላሸው እዚሁ ነው።

ከአከፋፋዩ የተረከብነው የኤክሴል ዝርዝር ረጅም ነበር። «ፌሮ 12»፣ «ፌሮ ባለ 12»፣ «12 ብረት» የሚሉ ሦስት መስመሮች አንድ ዕቃ ነበሩ። እነሱን አዋሃድናቸው። ያላየነው መለኪያውን ነው። ሲስተሙ ፌሮን የሚይዘው በኪሎ ነው፣ ምክንያቱም ግዢው በኪሎ ይመጣል። ስቶር ኪፐሩ የሚቆጥረው በቤርጋ ነው። 12 ሜትር ርዝመት ያለው ባለ 12 ሚሊሜትር ቤርጋ 10.66 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። በቆጠራው ቀን እሱ «400» ብሎ ጻፈ፤ ዳታ የምታስገባው ልጅ 400 አለች። ሲስተሙ 400 ኪሎ ብሎ ተቀበለ፤ ይህም 37 ቤርጋ ተኩል መሆኑ ነው። የመጀመሪያው ሲኖትራክ ሲጫን ሲስተሙ «ስቶር ባዶ ነው» ብሎ ሽያጩን ከለከለ። ፌሮው ተከምሮ ከፊታቸው ይታያል። ስቶር ኪፐሩ ስክሪኑን አየ፣ ክምሩን አየ፣ ደብተሩን አነሳ። ከዚያች ደቂቃ በኋላ ሲስተሙን እንዲያምን ማንም ሊያደርገው አልቻለም። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ቆጠራው ላይ መለኪያ የሚጻፍበት ዓምድ አላዘጋጀሁም።

አሁን የማደርገው እንደሚከተለው ነው።

በመጀመሪያ ላለፉት 12 ወራት ያልተንቀሳቀሰውን ዕቃ ለይቼ አወጣለሁ፤ ወደ አዲሱ ሲስተም የሚገባው የሚሸጠው ነው። ቀጥሎ ስም አወጣጥ እንወስናለን፦ መጀመሪያ ዓይነት፣ ከዚያ መጠን፣ ከዚያ ሥሪት። ይህን ስቶር ኪፐሩና ሻጩ አብረው ይወስኑ፤ ቢሮ ያለ ሰው «አርማታ ብረት» ብሎ ቢጽፍ መደርደሪያው ጋ ሲደርስ ማንም አይጠራውም። ከዚያ ለእያንዳንዱ ዕቃ የግዢ መለኪያ፣ የሽያጭ መለኪያና ማባዣ ቁጥር ይሞላል፦ አንድ ኩንታል ሲሚንቶ 100 ኪሎ፣ ባለ 50 ኪሎ ሁለት ከረጢት።

የመክፈቻ ቆጠራው አርብ ማታ ሱቅ ሲዘጋ ይጀመር፣ እሑድ ይለቅ። ሁለት ቡድን ለየብቻ ይቁጠር፤ የተለያዩበት መስመር ብቻ በሦስተኛ ሰው ይቆጠር። የቆጠራው ወረቀት ላይ ከቁጥሩ አጠገብ መለኪያው በእጅ ይጻፍ። ዳታው ከገባ በኋላ ውድ የሆኑትን 20 ዕቃዎች መርጣችሁ ከስቶር ኪፐሩ ጋር ስክሪኑን ይዛችሁ ክምሩ ድረስ ሂዱ። እሱ በዓይኑ አይቶ «ልክ ነው» ይበል።

ዱቤውም እንዲሁ ነው። ከእያንዳንዱ ባለዕዳ ጋር ቀሪው ተነጋግሮ ይፈረምበት። ሲስተሙ ውስጥ የገባ ያልተስማሙበት ዕዳ የቆየ ደንበኝነት ያፈርሳል።

9. ሞክሩት፣ እስኪሰበር

ሙከራውን አቅራቢው ብቻ ከሠራው ሙከራ አይደለም። ካሸሯና ስቶር ኪፐሩ ራሳቸው በእውነተኛ ሥራ ይሞክሩት። ቢያንስ እነዚህን አስገቡ፦ ግማሽ ዱቤ ግማሽ ቴሌብር፤ የተመለሰ ዕቃ፤ ደረሰኝ ተቆርጦ የተሰረዘ ሽያጭ፤ ሁለት ሻጭ የመጨረሻዋን ዕቃ በአንድ ጊዜ ሲሸጡ። በሽያጩ መሃል ማብሪያ ማጥፊያውን ዝጉና መብራት ሲመለስ ሽያጩ የት እንዳለ እዩ። ባካፑንም መልሳችሁ ጫኑ፤ ተመልሶ ያልተጫነ ባካፕ እንዳለ አይቆጠርም።

የተገኘውን ስህተት በሦስት መድቡት፦ ሥራ የሚያስቆም፣ በሌላ መንገድ የሚታለፍ፣ ለዓይን የማያምር። የመጀመሪያው ዓይነት አንድ እንኳ ካለ ሥራ አይጀመርም።

10. ሥልጠናውና የሽግግሩ ሳምንት

ሥልጠናውን ጠዋት ከ1 እስከ 3 ሰዓት አድርጉት። ከሰዓት በኋላ ሙቀቱም አለ፣ የበርጫውም ሰዓት አለ፤ የተነገረው አይያዝም። ሰው በሚቀናው ቋንቋ ይሠልጥን፤ መጋዘን ውስጥ አማርኛ፣ ኦሮምኛና ሶማልኛ አብረው ይነገራሉ። ከሠራተኞቹ መካከል ቶሎ የገባውን መርጣችሁ ሌሎቹን እሱ ያሠልጥን። የአንድ ገጽ መሪ ወረቀት በላስቲክ ታሽጎ ከስክሪኑ ጎን ይለጠፍ።

ሁሉን በአንድ ሌሊት አትቀይሩ። ቲ.ኤስ.ቢ የተባለው የእንግሊዝ ባንክ እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2018 አምስት ሚሊዮን ያህል ደንበኞቹን ወደ አዲስ ሲስተም ያዛወረው በአንድ ቅዳሜና እሑድ ነው። ዳታው በደህና ተሻገረ፤ ሲስተሙ ግን ሰው ሲገባበት ተሽመደመደ። እስከ 1.9 ሚሊዮን ደንበኞች ሂሳባቸውን ማየት አልቻሉም፤ ነገሩ ወደ ቀድሞው የተመለሰው በዲሴምበር ነው። ከአራት ዓመት በኋላም 48.65 ሚሊዮን ፓውንድ ተቀጣ። እኛ መጋዘኑን እናስቀድም፣ ሱቁ ይከተል፤ ወይም ሲሚንቶ ብቻ ይጀመር፣ ፌሮ በሚቀጥለው ሳምንት ይግባ።

በሽግግሩ ወቅት ሲስተሙም ደብተሩም አብረው ይጻፋሉ። ይህ ለሁለት ሳምንት ብቻ ነው፣ ማብቂያው ቀንም ከመጀመሪያው ግድግዳ ላይ ይለጠፋል። በየማታው 12 ሰዓት ላይ ሁለቱ ይነጻጸሩ። ልዩነት ከተገኘ በዚያው ማታ ምክንያቱ ይፈለግ። ምን ከሆነ ወደ ድሮው እንደሚመለሱም ቀድማችሁ ወስኑ፦ ለምሳሌ ለሁለት ተከታታይ ቀን ምክንያቱ ያልተገኘ ልዩነት ካለ ሽግግሩ ይቆማል፣ ዝርዝሩ ይፈተሻል፣ እንደገና ይጀመራል። መመለስ ውርደት አይደለም፤ ያላመኑበትን ቁጥር ይዞ መቀጠል ግን ሰውን ወደ ሚስጥር ደብተር ይገፋዋል።

11. ደብተሩን ዝጉና ተረከቡ

ሁለቱ ሳምንታት በሰላም ካለፉ ባለቤቱ፣ ስቶር ኪፐሩና ሒሳብ ሠራተኛዋ ባሉበት የደብተሩ መጨረሻ መስመር ሥር ሰረዝ ይሰመር፣ ቀን ይጻፍ፣ ሦስቱ ይፈርሙበት። ደብተሩ ወደ ፋይል ክፍል ይግባ፤ ለኦዲት ይፈለጋልና አይጣል። ከዚያች ቀን ጀምሮ ባለቤቱ «ስንት ቀረን?» ብሎ ሲደውል ከስክሪኑ እንዲነበብለት ይጠይቅ። እሱ ራሱ ከደብተር መልስ ከተቀበለ ሠራተኛውን ማንም አይመልሰውም።

ለ30 ቀን በየሳምንቱ መጋዘን ሂዱ። ጠረጴዛ ሥር፣ ኪስ ውስጥ፣ የሲጋራ ፓኮ ጀርባ ላይ የተጻፈ ቁጥር ካገኛችሁ አትቆጡ፤ ለምን እንዳስፈለገ ጠይቁ። ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ሲስተሙ ውስጥ የጎደለ አንድ ነገር ነው፤ እሱን አስተካክሉ።

በመጨረሻ የመጀመሪያውን የሁለት ሳምንት ቆጠራ ድገሙት። ለማስታረቅ ስንት ሰዓት ፈጀ? ስንት ደንበኛ ባዶ እጁን ተመለሰ? ሁለቱን ገጾች ጎን ለጎን ለባለቤቱ አሳዩ። ከአቅራቢው የአድሚን ይለፍ ቃሉን በታሸገ ፖስታ፣ የባካፕ አሠራሩን በጽሑፍ፣ የጥገና ስልኩንና ምላሽ የሚሰጥበትን ሰዓት ተረከቡ። ይለፍ ቃሉን እዚያው ፊቱ ከፍታችሁ ግቡበትና ቀይሩት። የእናንተ ሰው ብቻውን ባካፑን መልሶ ሲጭን እዩ። ይህ ከሆነ የቀረውን 10 በመቶ ክፈሉ።